ጠላት ያላቆሰለው ወታደር

ፈረስ መጋላ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ጆሮ የሚገባው የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ከአደባባዩ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወስደውን ጠባብ መንገድ የሐረር ሰው «መኪና ግርግር» ይለዋል። ልብስ ሰፊዎቹ በግራና በቀኝ ደጅ ላይ ተቀምጠው ጨርቅ ይዞ የመጣውን ሁሉ ለክተው ይሰፉለታል። ባጃጅ ከሐረር በር በኩል እየገባ ሰው ያራግፋል። በአንድ ወገን መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ። መሐል ላይ የጨለንቆ መታሰቢያ ቆሟል፤ በ1879 ዓ.ም. ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጦር ጋር ገጥመው ለወደቁት የሐረር ሰዎች የተሠራ ነው።

ከተማዋ ከወታደር ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። የንጉሠ ነገሥቱ 3ኛ ክፍለ ጦር መምሪያው እዚህ ነበር። በ1950ዎቹ መባቻ የተከፈተው የሐረር ጦር አካዳሚ ከአገሩ ሁሉ የተመረጡ ወጣቶችን ሦስት ሦስት ዓመት እያስተማረ መኮንን አድርጎ አስመርቋል። በመስከረም 1970 ጅጅጋ ስትያዝ የሶማሊያ ጦር ወደ ሐረር ገሰገሰ፤ ከተማዋም ለወራት በጭንቅ ከረመች። ዛሬም የምሥራቅ ዕዝ መቀመጫው ሐረር ነው። በአደባባዩ ከሚያልፉት ሽማግሌዎች መካከል በእግሩ ወይም በክንዱ የዚያን ዘመን ምልክት የያዘ ሰው ማየት የሚያስገርም አይደለም፤ ሲያልፍም ወንበር ይለቀቅለታል።

ለወደቀው ሐውልት አለ፣ በጥይት ለቆሰለው ደግሞ ክብር። ይህ ጽሑፍ ስለ ሦስተኛው ነው፤ ጦር ሜዳ ሳይደርስ ማሠልጠኛ ውስጥ ስለተጎዳው። ጉልበቱ መሰናክል ሲዘል ዞሯል፣ ወይም የእግሩ አጥንት በሩጫ ተሰንጥቋል፣ ወይም የቆላ ፀሐይ መትቶት ኩላሊቱ ታውኳል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ሰው «የት ቆሰልክ?» ይለዋል። የሚመልሰው የለውም። ከዚህ ዝምታ የተነሣ መብቱ የሆነውን ገንዘብ ሳይጠይቅ የሚቀር ሰው አለ። ቢጠይቅም የሚረዳው ወረቀት አይኖረውም። ከዚህ በታች የማሳየው ይህን ነው፤ ሕጉ በጥይትና በሥልጠና ጉዳት መካከል ግንብ አላቆመም። ግንቡን ያቆምነው እኛ ነን፤ በዕለቱ ባልጻፍነው ወረቀት።

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ልጅ በዓይነ ኅሊና እናቁም። እውነተኛ ሰው አይደለም፤ የብዙዎች ጉዳይ የሚያልፍበትን መንገድ እንዲያሳየን ያቆምኩት አብነት ነው። ዕድሜው 19 ነው። አባቱ መኪና ግርግር ላይ ሱሪ ይሰፋል። በወረዳው የምልመላ ማስታወቂያ ሲወጣ ተመዘገበ፣ የጤና ምርመራ አለፈ፣ ጤነኛ ተብሎ ተጻፈለት። ከዚያ መኪና ላይ ወጥቶ ወደ ሁርሶ ወረደ።

ሁርሶ ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ፣ በቆላው ውስጥ ያለ የጦር ማሠልጠኛ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት። የሐረር ልጅ ሁርሶ ሲደርስ የሚቀበለው ሌላ አየር ነው። ሰውነት ለሙቀት የሚላመድ ቢሆንም ጊዜ ይፈልጋል፤ ሐኪሞች ከ10 እስከ 14 ቀን ይሉታል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ ጨው የሚያባክነው መጠን ይቀንሳል፣ ልብ ሥራውን ያስተካክላል። ይህን የመላመጃ ጊዜ ሳያገኝ ዕቃ ተሸክሞ በቀትር የሮጠ ምልምል የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ መንገዳገድና መቃዠት ይጀምራል። አንዳንዱ ጡንቻው እየፈራረሰ ፍርስራሹ ኩላሊቱን ይዘጋዋል፤ ሽንቱ እንደ ቡና ይጠቁራል። በዚያች ሰዓት የሚያድነው ወደ ሆስፒታል ከመሮጥ በፊት ውኃ አፍስሶ፣ አራግቦ ማቀዝቀዝ ነው። የተረፈውም ሁሉ እንደ ድሮው ይመለሳል ማለት አይደለም።

የኛ ልጅ ግን ሙቀቱን ተቋቁሟል። እሱን የያዘው እግሩ ነው።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ቅልጥሙ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ማቃጠል ጀመረ። ሲሮጥ ይብሳል፣ ሲያርፍ ይቀንሳል። ለመቶ አለቃው ለመናገር ደፍሮ አያውቅም፤ ለአሠልጣኙ ነገረው።

«አስር አለቃ፣ አጥንቴን እዚህ ጋ ያመኛል።»

«ያላመመው ማን አለ? ሠልፍህን ያዝ።»

አሠልጣኙ ክፉ ሰው ነው ብዬ አላስብም። የሚያማርሩና የሚለግሙ ምልምሎችን አይቷል፤ እሱም በዚሁ መንገድ አልፏል። ከሦስት ቀን በኋላ ልጁ ሲያነክስ አይቶ ወደ ሕክምና ክፍሉ ሰደደው። እዚያ ማስታገሻ ተሰጠው፤ መዝገቡ ላይ «የእግር ሕመም» ተብሎ ተጻፈ። ራጅ የሚያነሣ ቦታ ቢልኩትም ምናልባት ፊልሙ ንጹሕ ነው ይባል ነበር። ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው፤ ስለዚህ ጠለቅ ብለን እንየው።

አጥንት በየዕለቱ ራሱን የሚያድስ ሕያው አካል ነው። ጫና ሲበዛበት በጥቂቱ ይሰነጠቃል፣ ሲያርፍ ደግሞ የተሰነጠቀውን ይደፍናል። እድሳቱ ከጫናው ጋር መራመድ ሲያቅተው ስንጥቁ ይሰፋል፤ ደጋግመው ያጠፉት ሽቦ አንድ ቀን እንደሚበጠሰው ነው። ምልምልነት ለዚህ የተመቸ ጊዜ ነው። ትናንት የስፌት መኪና ፔዳል ይረግጥ የነበረ እግር ዛሬ ጫማ ተጭኖበት፣ ዕቃ ተሸክሞ፣ ጠዋትና ማታ በድንጋያማ መሬት ይሮጣል። በዓለም ላይ ያሉ ጦሮች ሁሉ ይህን ጉዳት ያውቁታል፤ ከመሠረታዊ ሥልጠና ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። ተንኮሉ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ተራው ራጅ ብዙ ጊዜ አያሳየውም። የሚታየው አጥንቱ መዳን ሲጀምር ወይም ጭርሱን ሲሰበር ነው። ቀድሞ የሚያሳየው ኤም አር አይ ነው፤ እሱ ደግሞ በማሠልጠኛ ሠፈር አይገኝም።

እንግዲህ የልጁ ማኅደር ውስጥ የገባችው የመጀመሪያ ወረቀት ምን ትላለች? «የእግር ሕመም፤ ማስታገሻ ተሰጥቶታል።» በየትኛው ቀን፣ በምን ልምምድ ላይ፣ በማን ትእዛዝ፣ ማን እያየው እንደተጎዳ አትናገርም። ሳምንት ሳይሞላ በምሽት ጉዞ ላይ ወደቀ፤ አጥንቱ ተሰበረ። ሐረር ወዳለው የጦሩ ሆስፒታል ተወሰደ። ብረት ገባለት። ወራት አለፉ፤ እግሩ በሁለት ሴንቲ ሜትር አጥሮ ዳነ። የሕክምና ቦርድ ፊት ቀረበ። «ለውትድርና ብቁ አይደለም» ተባለ። ስንብት።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ስለ ገንዘብ ነው። ስለ ገንዘብ መናገር የሚያሳፍራቸው ሰዎች አሉ፤ ወታደርነት ለአገር የሚከፈል እንጂ ከአገር የሚጠየቅ ዕዳ አይደለም ይላሉ። አልስማማም። አገር ለወታደሯ ቃል የምትገባው በሕግ ነው፣ ሕጉም የተጻፈው ሊጠየቅበት ነው።

የኢትዮጵያ ወታደር ጡረታ የሚወሰነው በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ ነው። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ መልኩን እየቀየረ መጥቷል። ለአሥር ዓመት ያህል የተሠራበት አዋጅ ቁጥር 714/2003 ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ተተካ። ሕጉ ወታደርን ከሌላው የመንግሥት ሠራተኛ ለይቶ የሚያይበት አንድ ነገር ብዙ ይነግረናል። ለሲቪል ሠራተኛ መንግሥት የደመወዙን 11 በመቶ ለጡረታ ፈንድ ሲያዋጣ፣ ለመከላከያና ለፖሊስ አባል 25 በመቶ ያዋጣል። ሠራተኛው በሁለቱም ዘንድ 7 በመቶ ይከፍላል። ሕግ አውጪው የወታደር ሥራ ከሌላው የተለየ ዋጋ እንዳለው አውቋል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው «በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት» የሚለው ድንጋጌ ነው። ሠራተኛው ሥራውን ሲያከናውን ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ ምክንያት በድንገት የደረሰበት የአካል ጉዳት ወይም የአካል ተግባር መታወክ ማለት ነው። ከመደበኛ ቦታውና ሰዓቱ ውጭ ቢሆን እንኳ ሥልጣን ያለው አካል ያዘዘውን ሲፈጽም የተጎዳ ይካተታል። መሥሪያ ቤቱ ባቀረበው መኪና ሲጓዝ የተጎዳም እንዲሁ። የሚቀረው ሆን ብሎ ራሱን የጎዳ፣ የተሰጠውን የደኅንነት ትእዛዝ ጥሶ ወይም ሰክሮ የተጎዳ ነው። ይህን ደጋግማችሁ ብታነቡት ጠላት የሚባል ነገር አታገኙበትም። ጥይትም የለም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጉዳቱ ከሥራው መጣ ወይ? ምልምል ደግሞ ሥራው መሮጥ፣ መዝለልና ዕቃ መሸከም ነው። አስር አለቃው ሩጥ ሲለው የሮጠ ልጅ ትእዛዝ እየፈጸመ ነበር።

ቁጥሩን እንሥራው፤ ቁጥር የነገሩን ክብደት ያሳያል። በ714/2003 ቀመር፣ በሥራ ላይ ጉዳት ምክንያት የመሥራት ችሎታውን ያጣ ሰው ጉዳቱ ከደረሰበት ወር በፊት ይከፈለው የነበረውን መደበኛ ደመወዝ 47 በመቶ በየወሩ ዕድሜ ልኩን ያገኝ ነበር። ቢያንስ 10 በመቶ ጉዳት ደርሶበት ሌላ ሥራ መሥራት የሚችል ከሆነ ግን ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ይቀበል ነበር፤ 47 በመቶው በ60 ወር ተባዝቶ፣ በጉዳቱ መቶኛ እንደገና ይባዛል። ደመወዙ 5,000 ብር ነበር እንበል፤ 47 በመቶው 2,350 ብር ነው። በ60 ሲባዛ 141,000 ይሆናል። ቦርዱ ጉዳቱን 30 በመቶ ቢለው 42,300 ብር ይደርሰው ነበር። ለአንድ ልብስ ሰፊ ቤተሰብ ይህ አንድ የስፌት መኪና ገዝቶ የሱቅ ኪራይም የሚከፍል ገንዘብ ነው።

አሁን ሌላውን መንገድ ተመልከቱ። ቦርዱ ወይም የጡረታ መሥሪያ ቤቱ «ይህ ጉዳት በሥራ ላይ ስለመድረሱ ማስረጃ የለም፤ ሕመም ነው» ካለ፣ በጤና ጉድለት የሚከፈለው የዘወትር አበል የሚጠይቀው ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ነው። የኛ ልጅ ያገለገለው ወራት ነው። የጉዳት ክፍያ የሚያስገኘውና የማያስገኘው መንገድ የሚለያዩት በዚያች በመጀመሪያዋ ወረቀት ላይ ነው። «የእግር ሕመም» ከምትለው ሁለት ቃል ይልቅ «በዚህ ቀን፣ በመሰናክል ልምምድ ላይ፣ ቅልጥሙ ላይ ጉዳት ደረሰበት» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢኖር ኖሮ ክርክሩ እዚያው ባለቀ ነበር።

ሌላም ወጥመድ አለ። ቀመሩ የቆመው «ከጉዳቱ በፊት በነበረው ወር ይከፈለው በነበረ ደመወዝ» ላይ ነው። ሥልጠናውን ያልፈጸመ ምልምል መቼ እንደተቀጠረ፣ በዚያ ወር ምን እንደተከፈለው የሚያሳይ ሰነድ መያዝ አለበት። የቅጥር ቀኑ የምረቃ ቀን ተደርጎ ከተጻፈ፣ በሥልጠና ላይ የደረሰው ጉዳት ከቅጥር በፊት የደረሰ ይመስላል። ይህን ቀን በጽሑፍ ማረጋገጥ ከራጁ ያልተናነሰ ዋጋ አለው።

ከሐረር ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ጋር እናነጻጽረው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት 75 በመቶውን፣ ከዚያ ለስድስት ወራት 50 በመቶውን ያገኛል። አዋጁ ለወታደር አይሠራም፤ ወታደር የራሱ ሕግ አለው። ግን የፋብሪካው ሠራተኛ የሠራተኛ ማኅበር፣ የጉዳት መዝገብ፣ ደፍሮ የሚጠይቅ የሥራ ባልደረባም አለው። ምልምሉ ያለው አለቃው ብቻ ነው። ስለዚህ አለቃው የሚጽፋት ወረቀት ከፋብሪካው ወረቀት ይልቅ ሸክሟ ይከብዳል።

የወታደር የኑሮ ጥያቄ ችላ ሲባል ምን እንደሚከተል የዚህ አገር ታሪክ ያውቃል። በጥር 1966 ነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች ያመፁት ርዕዮተ ዓለም አንብበው አልነበረም። የውኃ ፓምፑ ተበላሽቷል፣ ምግቡ አይበላም፣ አቤቱታቸውን የሚሰማ የለም። ጉዳዩን ሊያዩ የመጡትን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው የራሳቸውን ምግብ አበሏቸው። በየካቲት አሥመራ ላይ 2ኛ ክፍለ ጦር የደመወዝ ጥያቄ ይዞ ተነሣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል።

በሌላ በኩል ኮሪያ ስለዘመተው ቃኘው ሻለቃ ስናወራ 121 ሰው እንደወደቀ፣ 536 እንደቆሰለ እንቆጥራለን፤ የሚገባ ኩራት ነው። ያ ቁጥር የጦር ሜዳ ቁጥር ነው። ሻለቃው ከመጓዙ በፊት በአገሩ ተራሮች ላይ ሲሠለጥን ጉልበቱ የተሰበረ ሰው ቢኖር በየትኛው ቁጥር ይገባል? በ1983 ዓ.ም. የደርግ ጦር ሲበተን የቀድሞ ጦር አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቁሞ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ወደ ቤቱ ሸኝቷል። እዚያም ዓይን የገባው የጦር ጉዳተኛ ነበር። የምንቆጥረው በጥይት የተነካውን ነው፤ ልማዳችን ከዚያ አላለፈም።

ሐረር ለዚህ ጉዳይ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ መልስ አላት። የጦር አካዳሚውን ያቋቋሙትና ለዓመታት ያስተማሩበት የሕንድ ጦር መኮንኖች ነበሩ። የዚያው የሕንድ ጦር ወታደሮች አገራቸው ውስጥ ይህንኑ ክርክር ለአሥርተ ዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል። በሐምሌ 2013 እ.ኤ.አ. የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአንድ ተራ ወታደርን ጉዳይ ወሰነ። ሰውየው በ1985 እ.ኤ.አ. በመገናኛ ክፍል ተቀጥሮ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. በሚጥል በሽታ 20 በመቶ ጉዳት አለበት ተብሎ ተሰናብቷል። ሕመሙ ከአገልግሎቱ ጋር አይያያዝም ተብሎ የጉዳት ጡረታ ተከልክሏል። ፍርድ ቤቱ ያለው በአጭሩ ይህ ነው፤ ይህ ሰው ሲቀጠር መርምራችሁ ጤነኛ ነው ብላችሁ ተቀብላችኋል፤ ያን ጊዜ ሕመም አለበት ብላችሁ ካልጻፋችሁ፣ በኋላ የታየው ሕመም ከአገልግሎቱ እንደመጣ ይገመታል፤ እንዲያ አይደለም የምትሉ ከሆነ የማስረዳት ሸክሙ የእናንተ ነው። አሜሪካም በተመሳሳይ አቅጣጫ ትሄዳለች፤ በአገልግሎት ላይ ሳለ የተጎዳ ወታደር፣ መሠረታዊ ሥልጠና ላይ ቢሆንም፣ በራሱ ጥፋት ካልሆነ በቀር በግዳጅ ላይ እንደተጎዳ ይገመታል። እንግሊዝ ከሚያዝያ 2005 እ.ኤ.አ. በኋላ ለደረሰ የአገልግሎት ጉዳት ሁሉ የሚሠራ የካሣ ሥርዓት አላት፤ ሥልጠናም ይካተታል፤ ለማመልከትም በመደበኛው ሰባት ዓመት ትሰጣለች።

የሕንዱ ፍርድ በእኛ ፍርድ ቤት አያስገድድም። አመክንዮው ግን ድንበር የለውም። የኛንም ልጅ ወረዳው አስመርምሮ ጤነኛ ነው ብሎ ነው የላከው። ጤነኛ ሆኖ የገባ ልጅ አንክሶ ከወጣ፣ በመካከሉ ያለውን ማስረዳት ያለበት ማን ነው? በእኔ እምነት መዝገቡን የያዘው ነው። መዝገብ የሌለውን ሰው ማስረጃ አምጣ ማለት ፍትሕ አይሆንም።

ወደ ልጁ ቤት እንመለስ። አባትየው ዝም ብሏል። እናት ግን አንድ ቀን ልጇን አስከትላ ማመልከቻ ከሚጽፉት ዘንድ ትቀመጣለች። ራፖር ጸሐፊው ዕድሜው የገፋ ሰው ነው።

«አባቴ፣ ለልጄ ጻፍልኝ። መንግሥት ይርዳው።»

«እሺ እናቴ። ወረቀት አላችሁ?»

ታቀርባለች። አንድ የስንብት ደብዳቤ፣ አንድ የመድኃኒት ማዘዣ።

እዚህ ላይ የሚጻፈው ማመልከቻ የነገሩን ዕጣ ግማሽ ይወስናል። ልማዱ ልመና ነው፤ «እኔ ድሃ እናት፣ የሚጦረኝ የሌለኝ፣ በእግዚአብሔር ስም እለምናለሁ» እየተባለ ሁለት ገጽ ይሞላል። የሚያነበው ሹም ያዝናል፣ ፋይሉን ይዘጋል፤ በሐዘን የሚከፈል በጀት የለውምና። የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ልጁ የተቀጠረበት ቀን፣ ሲገባ ጤነኛ የተባለበት የምርመራ ወረቀት፣ የተጎዳበት ቀንና ልምምድ፣ ያዘዘው አሠልጣኝ፣ ያዩት የሠልፍ ጓደኞቹ፣ ቀድሞ የታከመበት ክፍል፣ ቀዶ ሕክምና ያደረገለት ሆስፒታል፣ የቦርዱ ውሳኔና መቶኛው። ከዚያ በኋላ «በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት በመሆኑ በጡረታ አዋጁ መሠረት የሚገባኝ ይከፈለኝ» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ሰላምታና እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይታከልበት፤ ጥሩ ነው። ልመናው ግን ይቅር። የሚጠይቁት መብት ነው።

የሠልፍ ጓደኞች ነገር በተለይ ይታሰብበት። በአንድ ጓድ አብሮ የሮጠ፣ በአንድ ድንኳን ያደረ ልጅ ምስክርነቱ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ግን ከምረቃ በኋላ በየክፍሉ ይበተናሉ። ስልካቸውን ያልያዘ ሰው ከዓመት በኋላ አያገኛቸውም። ሁለት ሦስት ጓደኛ ያየውን በእጁ ጽሑፍ ጽፎ፣ ቀን አስቀምጦ፣ ፈርሞ ቢሰጥ ያልተጻፈውን የመጀመሪያ ወረቀት ጥቂት ይተካል።

ሌላው የስንብት ደብዳቤው ነው። የደከመው፣ ወደ ቤቱ መመለስ ብቻ የሚፈልገው ልጅ ያቀረቡለትን ይፈርማል። «በራሱ ጥያቄ» የሚል ስንብትና «በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት በቦርድ» የሚል ስንብት ወንድማማቾች አይደሉም። በአንዱ ፊርማ መብቱን ይዞ ይወጣል፣ በሌላው በገዛ እጁ ጥሎት ይሄዳል። ያላነበበውን አይፈርም። ያልገባውን ይጠይቅ። አማርኛ ማንበብ የሚከብደው ቤተሰብ፣ በሐረር ዙሪያ ገጠር ያለው ኦሮምኛ ተናጋሪ ገበሬም ሆነ ሶማሊኛ የሚናገረው፣ የሚያምነው ሰው አስቀርቦ ያስተርጉም።

የጡረታ መሥሪያ ቤቱ አይገባህም ካለም ነገሩ አላለቀም። ውሳኔውን በጽሑፍ መቀበል፣ ከዚያም በሕጉ ቀነ ገደብ ውስጥ ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ማቅረብ ይቻላል። ጉባኤው ከወሰነ በኋላ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ የሚል ወገን ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሊያመለክት ይችላል። «በሥራ ላይ የደረሰ» የሚለው ሐረግ ለሥልጠና ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ራሱ የሕግ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ እስከዚያ ሊደርስ የሚችል ጉዳይ ነው። በቃል «አይሆንም» የተባለ ሰው ግን ይግባኝ የሚልበት ነገር የለውም። አይሆንም የሚለውንም ወረቀት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ልጁ ራሱስ? እናቱ ስትናገር ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ጓደኞቹ ግንባር ናቸው፤ እሱ ሁርሶ ላይ ወድቆ ተመልሷል። «ሳልዋጋ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?» ይላል። ብዙ ማስረጃ የሚጠፋው በዚህ እፍረት ምክንያት ይመስለኛል፤ የሚያፍር ሰው ወረቀት አይጠይቅም። ለእሱና ለመሰሎቹ የምለው አለኝ። ሰውነትህን ለሥልጠና ባስረከብክበት ቀን ግዳጅህን ጀምረሃል። አገሪቱ ሩጥ አለችህ፣ ሮጥክ፣ ተጎዳህ። ጦር ሜዳ የደረሰውም የደረሰው አንተ በሮጥክበት መሬት ላይ ሮጦ ነው። በሁለታችሁ መካከል ያለው ልዩነት የዕድል ነው፤ የክብር ልዩነት አይደለም።

ለመከላከያ ሚኒስቴርና ለማሠልጠኛ አዛዦች ደግሞ ጥያቄዬ ትንሽ ነው፤ ብዙ በጀት አይፈልግም። ማንኛውም ምልምል ሕክምና ክፍል በገባ ቀን አንድ ገጽ ይሞላ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ልምምዱ፣ የተጎዳው አካል፣ ያየው ሰው ስም ይጻፍበት፤ አሠልጣኙና የሕክምና ባለሙያው ይፈርሙ። አንዱ ቅጂ ማኅደሩ ውስጥ ይግባ፣ አንዱ ለልጁ እጁ ላይ ይሰጥ። ራጁ ንጹሕ ነው ቢባልም ገጹ ይሞላ፤ ስንጥቁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲታይ ያ ገጽ ያስፈልጋልና። የቅጥር ቀን በሥልጠናው መጀመሪያ ላይ በጽሑፍ ይታወቅ። የስንብት ደብዳቤም ምክንያቱን ግልጽ አድርጎ ይናገር።

ልጅ የላካችሁ ወላጆችም ከመሄዱ በፊት የጤና ምርመራውን ቅጂ ከወረዳው ጠይቃችሁ ቤት አስቀምጡ። በስልክ ስታገኙት «በላህ ወይ?» ካላችሁ በኋላ «ታምመህ ከታከምክ ወረቀቱን ያዝ» በሉት።